ለአንድ ሰዓት ውሃን እንርሳ

(ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቃቅን እርማቶች በቀር እንደ ተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! ያን ሁሉ ዝናብ ችላችሁ ከፒያሳም ከስድስት ኪሎም በእግራችሁ ስትመጡ ሳይ ልቤ ተነክቷል። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፤ መጨረሻ ላይ የማሳያችሁ ነገር ከቅርብ የሚታይ ነው።

በጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ከተነሣችሁ ጀምሮ ስንት ነገር አሟማችሁ? ስኳሩን በሻይ፣ ጨውን በወጥ፣ ሳሙናውን በመታጠቢያው። ሁሉንም በምን አሟማችሁት? በውሃ። ስለዚህ «ይሟሟል» ስንል «በውሃ ይሟሟል» ማለታችን ነው፤ «አይሟሟም» ስንልም እንደዚያው። ትምህርት ቤት የተማርነው አሲዱና ቤዙ፣ ከብርጭቆው ግርጌ የሚዘቅጠው ነጭ ዝቃጭ፣ የጨው አሠራሩ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የውሃ ኬሚስትሪ ነው። ስሙን ግን ኬሚስትሪ ብቻ ብለን ተማርነው። እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን እስክጨርስ ድረስ ልዩነቱ አልታየኝም ነበር።

ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ለአንድ ሰዓት ውሃን እንርሳ። በውሃ ፈንታ ፈሳሽ አሞኒያ እናድርግና ብረታ ብረቶች እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ እንይ። ሦስት ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አንደኛው ስለ አሞኒያ ራሱ፣ ሁለተኛው ብረታ ብረት በውስጡ ሲሟሟ ስለሚሆነው፣ ሦስተኛው ከዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ክሪስታል እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚነበብ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። አሞኒያን ሁላችሁም በሽታው ታውቁታላችሁ። ጸጉር ቤት ቀለም ሲቀባ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ እሱ ነው። ከገጠር የመጣችሁ ደግሞ ዩሪያ ማዳበሪያን ታውቃላችሁ፤ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። አንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ሃይድሮጅን፤ ይኸው ነው። በተራው አየር ጋዝ ነው። ወደ ፈሳሽነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ይረጋል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል እንደ ውሃ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልውጣ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ እንደማይፈላ ታውቃላችሁ፤ ከፍታችን የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ታዲያ አሞኒያስ? እሱም እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ 33 የሚለው ለባሕር ወለል ነው። እኛ ከተማ ውስጥ አሞኒያ የሚፈላው ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኔ አስልቼዋለሁ፣ መምህራን እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ አድርጋችሁ ስጧቸው። ቁጥር ከመጽሐፍ ሲገለበጥ የት አገር እንደ ተለካ መጠየቅን ያስተምራቸዋል።

አሞኒያ የውሃ የሩቅ ዘመድ ነው። ውሃ ለሁለት አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ለያዙ ቅንጣቶች፣ እንደሚከፈል አሞኒያም በጥቂቱ ይከፈላል፤ አሞኒየም የሚባለው አዮን ይወጣል፣ አማይድ የሚባለው ይወጣል። ስለዚህ የአሲድና የቤዝ ሕጉ እንዳለ ይዛወራል። በውሃ ውስጥ ምስኪን ጨው የሚመስለን አሞኒየም ክሎራይድ በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ አሲድ ይሆናል። ፖታሲየም አማይድ ቤዝ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይሰጣሉ? ጨውና አሟሚውን ራሱን፤ ማለትም ፖታሲየም ክሎራይድና አሞኒያ። አሲድና ቤዝ ጨውና ውሃ እንደሚሰጡት ሁሉ።

አሁን ግን ልብ በሉልኝ፤ እኔን በተማሪነቴ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ይህ ነው። አሥረኛ ክፍል ሲልቨር ናይትሬትና ባሪየም ክሎራይድ ስንደባልቅ ምን ሆነ? ሲልቨር ክሎራይድ ወተት መስሎ ዘቀጠ። መምህራችን «ሲልቨር ክሎራይድ አይሟሟም» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ እኛም በደብተራችን ገለበጥን። እነዚያኑ አራት አዮኖች በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ አስገቧቸው። የሚዘቅጠው ባሪየም ክሎራይድ ነው! ሲልቨሩ ሟሙቶ ይቀራል! አዮኖቹ ያው ናቸው፤ ዳኛው ተቀየረ፣ ፍርዱም ተገለበጠ። ምክንያቱ ሲልቨር አዮን አሞኒያን አጥብቆ ስለሚወድ ነው፤ የአሞኒያ ናይትሮጅን ያልተጋራ ጥንድ ኤሌክትሮን አለው፣ ሲልቨሩ በእሱ ተጠምዶ ክሎራይዱን ይተዋል። ባሪየምና ክሎራይድ ግን በክሪስታላቸው ውስጥ እርስ በርስ የተያያዙበትን ኃይል ለማሸነፍ አሞኒያ አቅም አይበቃውም።

ያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስሕተት ነበር? አልነበረም። ጎደሎ ነበር። «በውሃ» የምትለዋ ቃል ቀርታለች።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። ሶዲየምን ውሃ ውስጥ የጣለ ሰው እዚህ አለ? እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ መምህራን አላችሁ። ምን ሆነ? ጮኸ፣ እየተሽከረከረ ነደደ፣ አንዳንዴም ፈነዳ። አሁን ውሃን እንርሳ።

ጀርመን ለትምህርት በሄድሁ በመጀመሪያው ክረምት ላቦራቶሪ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የመስታወት ጠርሙሱ በደረቅ በረዶ (በረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እና በአልኮል መታጠቢያ ውስጥ ቆሟል፤ ውጪው አመዳይ ይዟል። በውስጡ ሁለት ጣት ያህል ጥርት ያለ አሞኒያ አለ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሶዲየም ከዘይቷ አወጣን፣ ጠረግናት፣ በቢላዋ ገጿን አደስናትና ጣልናት። ጩኸት የለም። እሳት የለም። ከቁራጯ ዙሪያ ሰማያዊ ክር ተፈትሎ እየተጠማዘዘ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ ክሩ ወደ ጭስ፣ ጭሱ ወደ ደመና ተለወጠ፤ ወዲያው ፈሳሹ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ከጠርሙሱ ማዶ የያዝሁት እጄ እስኪጠፋኝ ድረስ ጠለቀ። ያሳዩኝ አዛውንት መምህር ይህ ቀለም የሶዲየም እንዳልሆነ፣ ሊቲየምም ፖታሲየምም ቢሆን ያው ሰማያዊ እንደሚሆን ነገሩኝ። ታዲያ የማን ነው? የኤሌክትሮኑ ነው። ሶዲየሟ አንድ ኤሌክትሮኗን ለቀቀች፤ ኤሌክትሮኑን ግን የሚቀበል ሌላ አቶም የለም፤ አሞኒያዎቹ ዙሪያውን ከበው ጎጆ ሠሩለት። ውሃ ቢሆን ኖሮ ያን ኤሌክትሮን በቅጽበት ተቀብሎ ሃይድሮጅን ያደርገው ነበር።

ይህን ሰማያዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ያሳየው ዌይል የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ በ1864። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ፖታሲየምን በአሞኒያ ጋዝ ውስጥ ሲያሞቅ ሰማያዊ አይቶ በማስታወሻው ጽፎት ነበር። ነገሩን በመለኪያ የመረመረውና የታሠረው ኤሌክትሮን ነው ያለው ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ክራውስ ነው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ።

ሶዲየሙን ጨምሩበት፣ ጨምሩበት፤ ሰማያዊው ጠፍቶ እንደ ነሐስ የሚያብረቀርቅ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሽ ብረት ማለት ነው። በሊቲየም የጠገበው አሞኒያ ኤሌክትሪክን ከሜርኩሪ የበለጠ ያስተላልፋል። ክብደቱን ደግሞ ስሙ፦ ፈሳሽ አሞኒያ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.68 ግራም ነው፣ ሊቲየም 0.53 ነው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሰጡት 0.48 አካባቢ ነው። ከሁለቱም ይቀላል! ኤሌክትሮን ቦታ ይዞ አሞኒያውን ገፍቶታል ማለት ነው። ስንት ጊዜ ነው «ኤሌክትሮን ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነገር ነው» የተባልነው? እዚህ ቤት ሠርቶ ይኖራል።

ሰማያዊው ለዘለዓለም አይቆይም። ቀስ በቀስ ኤሌክትሮኑ አሞኒያውን ያፈርሰውና ሶዲየም አማይድና ሃይድሮጅን ይሆናል። ዝገት የነካው ማንኪያ ከገባበት ደግሞ ይፈጥናል፤ ብረት ይህን አጸግብሮት ያፋጥነዋልና። በዚህ ምክንያት ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ ማጠብን ከሥራ ሁሉ አስቀድሜ ነው የማስተምረው።

አሁን ኤሌክትሮን የሞላበት ፈሳሽ አለን። ሌላ ብረት ብናስገባበትስ? እርሳስ፣ ያ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ከባድ ብረት። በ1891 ዦአኒ የሚባል ፈረንሳዊ ሶዲየም ባለበት አሞኒያ ውስጥ እርሳስ ጨመረና አረንጓዴ ሙሙት አገኘ። ምን እንደሆነ በሚገባ ያወቀው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ዚንትል ነው። ዚንትል በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ጠብታ በጠብታ እየጨመረ የኤሌክትሪክ ቮልቴጁን ለካ፤ የደረሰበትም ዘጠኝ የእርሳስ አቶሞች አንድ ላይ ተሰብስበው አራት ኤሌክትሮን ተሸክመዋል የሚል ነው።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ብረታ ብረት ኤሌክትሮን ይሰጣል ብላችሁ አይደል የተማራችሁት? እርሳስ እዚህ ተቀብሏል! ዘጠኝ ሆኖ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አራት ኔጌቲቭ ተሸክሟል። ውሃ ውስጥ ይህ አዮን አንድ ሰከንድ አይኖርም።

ታዲያ ክሪስታሉስ? ችግሩ እዚያ ነበር። አሞኒያው ሲተን ኤሌክትሮኖቹ ወደ ሶዲየሙ ይመለሳሉ፤ የሚቀረው ተራ የሶዲየምና የእርሳስ ቅልቅል ብረት ነው። ሙሙቱ ውስጥ ይኖራል፣ ሲደርቅ ይሞታል። ዚንትል በ1941 ሲሞት የዘጠኙን ቅርጽ በዓይኑ አላየም። መፍትሔው የመጣው በ1970ዎቹ ነው። አሜሪካዊው ጆን ኮርቤት ክሪፕታንድ የሚባለውን፣ ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ሌን ቀደም ብሎ የሠራውን የጎጆ ቅርጽ ያለው ሞለኪውል ተጠቀመ፤ አሟሚው ደግሞ የአሞኒያ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኤቲሊን ዳያሚን ነበር። ሶዲየሙን ጎጆው ውስጥ አስገብቶ ዘጋበት። ሶዲየሙ ከተዘጋበት ኤሌክትሮኑ ወዴት ይመለሳል? የትም! ክሪስታሉ ደረቀ፣ አልሞተም። የእርሳስ ዘመድ ከሆነው ከቆርቆሮ (ቲን) የተሠራው ዘጠኝ አቶም ቅርጹ ታየ፦ አራቱ ከታች በካሬ፣ አራቱ ከላያቸው ትንሽ ዞር ባለ ካሬ፣ አንዱ እንደ ጉልላት ከላይ። ዚንትል በቮልቴጅ የቆጠረው ዘጠኝ ተቆጥሮ ተገኘ። ሌን በ1987 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ሦስተኛው ነገሬ ከዚህ ይቀጥላል፤ ቅርጽ እንዴት ይታያል?

አያቶቻችሁ ቤት አሞሌ ጨው በመጥረቢያ ጀርባ ሲሰበር ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሳለሁ የስባሪዎቹን ደቃቆች እየለቀምሁ ማዕዘናቸውን በጣቴ እዳስስ ነበር። ትንሿም ትልቋም ማዕዘኗ ቀጥ ያለ ነው። ለምን? መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1912 ማክስ ፎን ላወ የተባለው ጀርመናዊ ባመጣው ሐሳብ ሁለት ባልደረቦቹ ኤክስሬይን በክሪስታል ውስጥ አሳለፉ፤ የመጀመሪያው ክሪስታል ኮፐር ሰልፌት ነበር፣ ይህን ያዙልኝ። ጨረሩ በፎቶ ሳህኑ ላይ ተራ የያዙ ነጥቦች ጣለ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ ብራግ የጨውን ውስጥ አነበቡ፦ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፣ እያንዳንዱ ክሎሪን በስድስት ሶዲየም ተከቧል፤ ከዳር እስከ ዳር ካሬ በካሬ። ከአፋር በግመል የመጣው አሞሌ ውስጡ ይህ ነው። ልጁ ብራግ በ1915 ኖቤል ሲቀበል 25 ዓመቱ ነበር። እዚህ ወለሉ ላይ ከተቀመጣችሁት ብዙም አይበልጥም።

ከአሞኒያ ውስጥ ክሪስታል ማውጣት ግን ከአሞሌ ይከብዳል። ማር በብርድ ወራት ቀስ ብሎ ሲረጋ አይታችኋል፤ ሥራው እንደዚያ ነው፣ ብዙው መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ጠርሙሱ በእሳት እየተመታ አየሩ ይሳባል፤ የውሃ ርዝራዥ እንዳይቀር። አሞኒያው ራሱ በሶዲየም ላይ ይደርቃል፤ ሰማያዊው ሳይጠፋ ከቆየ ደርቋል ማለት ነው። ቀጥሎ የብረቱ ጨው ላይ አሞኒያው ይቀዘቅዛል፣ ጠርሙሱ ይታሸግና ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወራት። መነካካት ክልክል ነው።

ክሪስታሉ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። እነዚህ ክሪስታሎች አሞኒያን በጉያቸው ይዘዋል፤ ከሞቃቸው ይለቁታል፣ ዓይናችሁ እያየ ነጭ ዱቄት ይሆናሉ። ስለዚህ የቀዘቀዘ የናይትሮጅን ጋዝ በሚነፍስበት ሥር፣ በቀዘቀዘ ወፍራም ዘይት ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ እያያችሁ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ አንዲት ትመርጣላችሁ። በቀጭን መርፌ ጫፍ ታነሷታላችሁ። ዘይቱ ይረጋባትና ያጣብቃታል። ከዚያ ወደ መሣሪያው መሮጥ ነው፤ እዚያም ከዜሮ በታች 170 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነፋስ ይቀበላታል። ትንፋሻችሁ ከነካት አለቀ፤ ትንፋሽ ውስጥ ውሃ አለ።

ስለ ራሴ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለወጣቶቹ ነው የምነግረው። አንድ የብረት ፍሎራይድ ከአሞኒያ ጋር ለማዋሐድ ግማሽ ዓመት ሠርቼ ነበር። ቀለም የሌላት፣ እንደ ጠጠር ከረሜላ የጠራች ክሪስታል አገኘሁ። ኤክስሬዩ ተነሣ፣ ብረቱ ታየ፣ ፍሎሪኖቹ ታዩ፤ ከብረቱ ጎን ያለውን አቶም ናይትሮጅን ብዬ ጻፍሁ። አዲስ ውሁድ! ለእናቴ ስልክ ደወልሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ አላምር አለኝ። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮን ነው፤ ናይትሮጅን ሰባት፣ ኦክስጅን ስምንት፣ ፍሎሪን ዘጠኝ ኤሌክትሮን አላቸው፤ ጎረቤታሞች ናቸው፣ በቀላሉ ይምታታሉ። የእኔ ናይትሮጅን ንዝረቱ ከሌሎቹ አቶሞች ሁሉ ያነሰ ሆኖ ወጣ። አቶም እንዲያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ነገር አለው፦ «እኔ ከጻፍኸኝ እከብዳለሁ»። ሃይድሮጅኖቹን ፈለግሁ፤ ለአሞኒያ ሦስት መሆን ነበረባቸው። ሁለት ብቻ አገኘሁ።

ውሃ ነበር። በደንብ ያልደረቀ ጠርሙስ ነበር። እኔ ውሃን ረስቼው ነበር፤ ውሃ ግን አልረሳኝም።

ያን ምሽት አለቀስሁ። ጠዋት ላይ ጠርሙሶቹን ሁሉ እንደገና በእሳት መታሁ፣ አሞኒያውንም በሶዲየም ላይ ሁለት ቀን አቆየሁት። ከሁለት ወር በኋላ የወጣችው ክሪስታል ሦስቱንም ሃይድሮጅን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ «ይህን ሠርቻለሁ» ሲለኝ የማቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሃይድሮጅኖቹን ቆጥረሃል? ቆጥረሻል?

ወላጆች «ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» ብትሉኝ ትክክል ናችሁ፤ ባጭሩ ልመልስ። አሞኒያን ከ132 ዲግሪ በላይ አሙቃችሁ ከ113 የአየር ግፊት በላይ ብትጨምቁት ፈሳሽም ጋዝም የማይባል ነገር ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ጋሊየም ናይትራይድ የሚባለው ክሪስታል ይበቅላል። የቤታችሁ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ብርሃኑን የሚያገኘው ከዚህ ውሁድ ቤተሰብ ነው፤ ሰማያዊውን ኤል.ኢ.ዲ. የሠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 ኖቤል ተሸልመዋል። በአሞኒያ ውስጥ ማብቀል ደግሞ ጥራት ያለውን የጋሊየም ናይትራይድ ክሪስታል ከሚያስገኙት መንገዶች አንዱ ነው።

አሁን ውሃን መልሰን እናስታውስ። ፈሳሽ አሞኒያ መርዛማ ነው፣ ወደዚህ አዳራሽ ይዤው ልመጣ አልችልም፤ ማንም ተማሪም ቤቱ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ። ነገር ግን ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ ማይክሮስኮፕ አሉ። ትናንት ማታ ከመምህራኑ ጋር ሆነን ላወን ያገለገለውን ኮፐር ሰልፌት በውሃ አሟሟን፤ የላቦራቶሪ አሞኒያ ጨመርንበት፤ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ጠርቶ ድፍን ሰማያዊ ሆነ። በላዩ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ አድርገን አፈሰስንና ሁለቱ ሳይደባለቁ ተውነው። ዛሬ ጠዋት በሁለቱ መገናኛ ላይ ወይን ጠጅ የቀላቀለ ሰማያዊ መርፌዎች በቅለው አገኘን። በእያንዳንዱ መርፌ ውስጥ መዳቡ መሐል ተቀምጧል፤ አራት አሞኒያ በካሬ ከበውታል፤ አንድ ውሃ ከላይ ራቅ ብሎ ቆሟል። አራቱ ናይትሮጅን፣ አንዱ ኦክስጅን ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደምናውቅ አሁን ታውቃላችሁ።

አምስት አምስት እየሆናችሁ ኑ፤ ትንንሾቹ ይቅደሙ። በማይክሮስኮፑ ሥር ያለው መስታወት ተከድኗል፤ ሳትከፍቱ እዩት። አየር ላይ ከቆየ አሞኒያውን ይለቅና ይገረጣል። ሽታው ከመጣባችሁ ክዳኑ ላልቷል ማለት ነው፤ አጥብቁልኝ።